እሳት አደጋ ለምን ቆሞ ያያል?



ዛሬ ስለ ደም ግፊትም ስለ ስኳርም አላወራም። በተደጋጋሚ ኮሜንት ላይ ስለማየው አንድ ነገር የራሴን ሐሳብ ልጽፍ ነው። ኬሚካል የጫነ ቦቴ ይገለበጣል፣ ወይም ፋብሪካ ውስጥ በርሜል ይፈነዳና ፈሳሹ ይፈሳል። ሰው ይሰበሰባል፣ ስልክ ይወጣል፣ ቪዲዮ ይቀረጻል። እሳት አደጋ ይደርሳል። ሰዎቹ ግን ዘለው አይገቡም፤ መኪናቸውን ራቅ አድርገው ያቆማሉ፣ ሕዝቡን ወደኋላ ይገፋሉ፣ እርስ በርስ ያወራሉ። ከዚያ ኮሜንቱ ይጀምራል። «ቆመው ያያሉ!» «ደመወዝ የሚበሉት ለምንድን ነው?» «እኛ ገብተን እናወጣዋለን፣ ልቀቁን!»

እኔ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ነኝ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ አይደለሁም። ግን ከእንዲህ ዓይነት ቦታ የሚመጣውን ሰው የምንቀበለው እኛ ስለሆንን በጉዳዩ ላይ አቋም አለኝ። ያ መቆም፣ በትክክል ከተሠራ፣ የመጀመሪያው ሕክምና ነው። እየጮህን ወደ ውስጥ የምንገፋው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው በሽተኛችን ይሆናል።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። እሳት ራሱን ያሳያል። ነበልባሉ ይታያል፣ ጭሱ ይታያል፣ ሙቀቱ ከሩቅ ይነግርሃል። ፈሳሽ ኬሚካል ግን እንደዚያ አይደለም። ሰልፈሪክ አሲድን ውሰዱ። ለባትሪም ለብዙ ዓይነት ፋብሪካም ይገባል። ቀለም የለውም፣ እንደ ዘይት ወፈር ያለ ነው፣ አስፋልት ላይ ፈሶ ስታዩት ውሃ ይመስላችኋል። አንድ ሊትሩ 1.84 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ብትሞሉት ከ9 ኪሎ በላይ ነው። በላዩ ላይ ትንሽ ውሃ ብታፈሱበት በኃይል ይሞቃል፣ ይፈላል፣ ይረጫል። አያችሁ አይደል? የእሳት አደጋ ሠራተኛ ዕድሜውን ሙሉ የሚተማመንበት መሣሪያ ውሃ ነው፤ እዚህ ጋ ያው ውሃ ሊከዳው ይችላል።

ልብሱም እንደዚያው። ያ የምታዩት ወፍራም ካፖርት የተሠራው ለሙቀት ነው። ለኬሚካል አይደለም። ፈሳሹን እንደ ስፖንጅ ይመጥና ቆዳ ላይ ይዞ ይቆያል። በእሳት አደጋ ልብስ አሲድ ወይም ፀረ-ተባይ መድኃኒት ውስጥ መግባት በካፖርት ዋና እንደመግባት ነው። ለዚህ ሥራ የሚለበሰው ሌላ ነው፤ ከራስ እስከ እግር የሚዘጋ፣ ፈሳሽ የማያሳልፍ ልብስ፣ ውስጡ ደግሞ ከጀርባ የሚታዘል አየር የተሞላ ሲሊንደር። ተራ ማስክ አይበቃም።

እሺ፣ ታዲያ ቆመው ምን ያደርጋሉ?

መጀመሪያ ያነባሉ። በዓለም ላይ ብዙ ቦታ አደገኛ ፈሳሽ የጫነ ቦቴ ከኋላውና ከጎኑ ብርቱካናማ ሰሌዳ አለው፤ ሰሌዳው ላይ ሁለት ቁጥር ከላይና ከታች ይጻፋል። የታችኛው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር የዕቃው መታወቂያ ነው። 1203 ቤንዚን ነው። 1830 ሰልፈሪክ አሲድ ነው። 1824 የካውስቲክ ሶዳ ፈሳሽ ነው። የላይኛው የአደጋውን ዓይነት ይናገራል፤ 3 የሚቀጣጠል ፈሳሽ፣ 6 መርዛማ፣ 8 ሥጋ የሚበላ። ቁጥሩ ከተደገመ፣ ለምሳሌ 33 ወይም 66 ከሆነ፣ አደጋው በርትቷል ማለት ነው። ከፊቱ X ካለበት ደግሞ ውሃ እንዳይነካው፣ በአደገኛ ሁኔታ ይዋጋል ማለት ነው። እነዚህን አራት አምስት ምልክቶች በርቀት ማያ መነጽር አንብቦ፣ ሾፌሩን ወይም ረዳቱን «ምን ጫንክ? ወረቀቱ የታል?» ብሎ ጠይቆ የሚመለስ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሠራው ሥራ ከሁለት ሰዓት ርጭት ይበልጣል። መንገድ ላይ ሰሌዳው የተላጠ ወይም በጭቃ የተሸፈነ ቦቴ ሳይ የምናደደው ለዚህ ነው። ባለንብረቱ ለቀለምና ለመጥረጊያ የቆጠባት ገንዘብ የሰው ሕይወት ነች።

ቁጥሩን ካወቁ በኋላ መጽሐፍ ያያሉ። አሜሪካ፣ ካናዳና ሜክሲኮ በጋራ የሚያዘጋጁት የአደጋ ጊዜ መመሪያ አለ፤ በስልክም በነጻ ይወርዳል። እዚያ ውስጥ ርቀት በሜትር ተጽፏል። ለአብዛኛው አደገኛ ፈሳሽ ወዲያውኑ በሁሉም አቅጣጫ ቢያንስ 50 ሜትር ይዘጋል፣ ማለትም የኳስ ሜዳ ግማሽ። ምን እንደሆነ ካልታወቀ 100 ሜትር። ቦቴው በእሳት ከተያያዘ 800 ሜትር፣ ይህም በእግር የአስር ደቂቃ መንገድ ነው። እኛ ግን ቪዲዮ ለመቅረጽ ስንት ሜትር ላይ ነው የምንቆመው? ለራሳችሁ መልሱ።

የቆሙበት ቦታም ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። ነፋሱ ከጀርባቸው ወደ አደጋው በሚነፍስበት በኩል፣ ከፈሳሹም ከፍ ባለ ቦታ ላይ ይቆማሉ። ከብዙ ኬሚካሎች የሚነሳው እንፋሎት ከአየር ይከብዳል፤ ሽቅብ አይወጣም፣ መሬት ለመሬት እየተሳበ ወደ ቦይ፣ ወደ ምድር ቤት፣ ወደ ዝቅተኛ ሰፈር ይወርዳል። «ካልሸተተኝ ደህና ነኝ» ማለትም አይሠራም። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው ጋዝ መጀመሪያ እንደተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን የማሽተት ችሎታን ራሱን ያደነዝዛል። ሽታው የጠፋው አደጋው ስላለፈ ሳይሆን አፍንጫችሁ ስለተሸነፈ ነው።

ከዚያ ቦታውን በሦስት ይከፍሉታል። ፈሳሹ ያለበት ቀይ ክልል፣ የሚወጣው ሰው የሚታጠብበት ቢጫ ክልል፣ ንጹሑና አዛዡ ያለበት አረንጓዴ ክልል። ወደ ቀዩ ብቻውን የሚገባ የለም። ሁለት ይገባሉ፣ ሌሎች ሁለት ሙሉ ልብስ ለብሰው ደጅ ይጠብቃሉ፤ የገቡት ቢወድቁ ለማውጣት። ከሩቅ ስታዩ «ሁለቱ እየሠሩ ሁለቱ ቆመዋል» ትላላችሁ። እነዚያ የቆሙት ለውስጦቹ ዋስትና ናቸው። ደግሞ መታጠቢያው ተዘጋጅቶ ሳያልቅ ማንም አይገባም፤ ምክንያቱም ገብቶ የሚወጣ ሰው የሚታጠብበት ከሌለው ልብሱን ማውለቅ አይችልም፣ አየሩ ደግሞ ያልቅበታል። የተለመደው ሲሊንደር በስሌት 30 ደቂቃ የሚባለው ነው። ከባድ ሥራ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ከዚያ ላይ መግቢያ፣ መውጫና መታጠቢያ ሲቀነስ ለሥራው የሚተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ሙቀቱን አትርሱ። ከጂቡቲ በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በአዋሽ አድርጎ ወደ አዳማ የሚመጣውን መንገድ አስቡት። በዚያ ቆላ ፀሐይ ላይ አየር በማያስገባ ልብስ ተዘግቶ መሥራት ማለት ላብ መውጫ አጥቶ ሰውነት ውስጥ ውስጡን መቀቀል ማለት ነው። ስለዚህ ከመግባታቸው በፊት የደም ግፊታቸውና የልብ ምታቸው ይለካል፣ ከወጡም በኋላ ይለካል፣ ውሃ ይጠጣሉ፣ ያርፋሉ። የልብ ምቱ ያልተረጋጋ ሰው አይመለስም። እዚህ ላይ ነርስ ወይም ጤና መኮንን አብሮ መኖር አለበት ባይ ነኝ።

አሁን ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። ጋቢና ውስጥ ሰው ቢኖርስ? እያቃሰተ ቢሆንስ?

ይህን ጥያቄ በመመሪያ ብቻ መመለስ አልችልም፤ ማንም አይችልም። የሠለጠኑት ግን የሚያስቡበት መንገድ አለ። ሕያው ሰው ለማዳን ከባድ አደጋ ሊወሰድ ይችላል፣ ግን ተሰልቶ። ለንብረት ጥቂት። ለሞተ ሰው ደግሞ ምንም፤ አስከሬን መጠበቅ ይችላል። እና ሁልጊዜ የመጀመሪያው ማዳኛ ድምፅ ነው። በድምፅ ማጉያ «ወንድሜ፣ ትሰማኛለህ? መራመድ ትችላለህ? ወደዚህ፣ ወደ ቀዩ መኪና ና!» ይባላል። በእግሩ መውጣት የሚችል ሰው በእግሩ ይውጣ፣ ማንም ሊገባ አይገባም። ካልቻለ ግን ሁለት ሰው ሲሊንደር አድርገው፣ ከኋላ የውሃ ቱቦ ተዘጋጅቶላቸው፣ ገብተው ይዘውት ይወጣሉ። አይጠግኑም፣ አያፀዱም፣ ቫልቭ አይነኩም፤ ሰውየውን ብቻ። ይህ ዝግጅት በሠለጠነ ቡድን ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። እነዚያ ደቂቃዎች ደጅ ለቆመ ዘመድ ዓመት እንደሆኑ አውቃለሁ። ቢሆንም ልፈቅድላቸው እወዳለሁ፣ ምክንያቱም ያለዝግጅት የገባው ብዙ ጊዜ አያወጣውም፤ አጠገቡ ይወድቃል።

ይህን ማመን የሚቸግራችሁ ካላችሁ ከቦቴው ወጥተን ወደ ጉድጓድ እንሂድ፤ ነገሩ አንድ ነው። የመጸዳጃ ወይም የውሃ ጉድጓድ ውስጥ አንዱ ራሱን ይስታል፣ ወንድሙ ሊያወጣው ይገባል፣ እሱም ይቀራል፣ ጎረቤት ይከተላል። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማስጠንቀቂያ እንዲህ ባለ የታፈነ ቦታ ከሚሞቱት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሊያድኑ የገቡት ናቸው ብሏል። ደግመው ያንብቡት፦ ሊያድኑ የገቡት። ፍቅር አየር አይሆንም።

ባለሙያም ቢሆን የሚረጨውን ሳያውቅ ከገባ ያው ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 12 ቀን 2015 በቻይና ቲያንጂን ወደብ አንድ የኬሚካል መጋዘን ተቃጠለ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው ሥራ ጀመሩ፤ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ምን ምን እንደሆነ ግን በቅጡ አልተነገራቸውም ነበር። ከዚያ ፈነዳ። ከሞቱትና ከጠፉት 173 ሰዎች ውስጥ ከ100 በላይ የሚሆኑት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ነበሩ።

ወደራሴ ቤት፣ ወደ ሆስፒታሉ ልምጣ። ምክንያቱም ጥፋቱ የሕዝቡና የእሳት አደጋው ብቻ አይደለም፤ እኛም አለንበት።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 1995 ቶኪዮ ውስጥ ሳሪን የተባለ መርዛማ ፈሳሽ በፕላስቲክ ከረጢት ተደርጎ በምድር ውስጥ ባቡሮች ውስጥ ተጣለና በጃንጥላ ጫፍ ተበሳ። ሳሪን የፀረ-ተባይ መድኃኒቶቻችን ዘመድ ነው፤ የሚመታው ያንኑ የነርቭ ሥርዓት ነው። ካሱሚጋሴኪ በሚባለው ጣቢያ ፈሳሹን ከባቡሩ ያፀዱ ሁለት የጣቢያው ሠራተኞች ሞቱ። ሊረዱ ከወጡት 1,364 የአምቡላንስ ሠራተኞች 135ቱ ራሳቸው ታመሙ። አብዛኛው ተጎጂ አምቡላንስ አልጠበቀም፤ በእግሩም በታክሲም ሆስፒታል ገባ። ሴንት ሉክስ የተባለው ሆስፒታል ብቻ በዚያ ቀን 640 ሰው ተቀበለ፤ ከነልብሳቸው፣ ሳይታጠቡ። ቦታ ሲጠብ የሆስፒታሉ ጸሎት ቤት ሳይቀር በሕመምተኛ ሞላ፣ አየሩ በደንብ አይዘዋወርም ነበር። በኋላ የራሳቸው ሐኪሞች ሲያጠኑት ከሠራተኛው 23 በመቶው ምልክት አሳይቶ ነበር። ዓይን መደብዘዝ፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ። ከሕመምተኛው ልብስ የሚነሳው እንፋሎት ሐኪሙን መረዘው።

እኛ ጋ ሳሪን የለም ትሉኝ ይሆናል። ማላታይን አለ። ፀረ-ተባይ ተደፍቶበት በባጃጅ የሚመጣ ገበሬ አለ። ዓይኑ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አክሎ፣ ምራቁ እየተዝረከረከ፣ ላብ አጥልቆት፣ እያስመለሰው ይመጣል፤ ልብሱ ግን አሁንም እርጥብ ነው። ያንን ልብስ ይዘን ከገባን ክፍሉ ውስጥ ያሉት ነርሶች በየተራ ራሳቸውን ይይዛሉ።

ስለዚህ የምለው ግልጽ ነው፦ በኬሚካል የረጠበ ሰው ከድንገተኛ ክፍል በር ውጭ ይታጠባል። ልብስ ማውለቅ ብቻውን ከሰውነት ላይ ያለውን ኬሚካል አብዛኛውን ያነሳል። የማይተነፍስ ከሆነ ጓንትና መከላከያ ያደረገ ባለሙያ ትንፋሹን እየረዳ፣ አትሮፒኑን እየሰጠ፣ ሌላው ልብሱን በመቀስ ይቀዳል፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። ይህ ውድ ነገር አይደለም። አንድ ቧንቧ፣ አንድ ጎማ፣ መጋረጃ፣ መቀስ፣ ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት፣ ሳሙና። ለብዙ ሚሊዮን ብር ማሽን ፕሮፖዛል የምንጽፍ ሰዎች በር ላይ ለአንድ ቧንቧ ደብዳቤ መጻፍ አያቅተንም። ቤተሰብም «በብርድ ራቁቱን አቆማችሁት፣ ሕክምና ከለከላችሁት» ብሎ ጥበቃውን አይደብድብብን። ሕክምናው እሱ ነው።

የኬሚካሉ ስምም ለእኔ ከማንኛውም የላብራቶሪ ውጤት በላይ ነው። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ከሆነ ካልሲየም እፈልጋለሁ። ፀረ-ተባይ ከሆነ አትሮፒን። ሰሌዳው ላይ ያለችውን ቁጥር ፎቶ አንስቶ የላከልኝ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ግማሽ ምርመራዬን ሠርቶልኛል።

አሁን ወደ እናንተ። ከቦታው ራቁ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጉ፣ ወደ ከፍታው ሂዱ፣ 939 ደውሉ (ይህ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ነው)፤ አምቡላንስ ከተፈለገ የቀይ መስቀል 907 አለ። ስትደውሉ ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ከሩቅ ከታየ ተናገሩ፣ ለማንበብ ግን አትቅረቡ። የፈሰሰውን በጀሪካን ለመቅዳት የሚሮጥ ካለ ያዙት። ፍሪታውን ውስጥ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021፣ ታንዛኒያ ሞሮጎሮ በነሐሴ 2019 ከቦቴ የፈሰሰ ነዳጅ ሊቀዱ የተሰበሰቡ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ተቃጥለዋል።

ሰውነታችሁ ላይ ከተረጨ ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። መሬት ላይ በፈሰሰ አሲድ ላይ ውሃ አትድፉ አልኩ፤ ቆዳ ላይ ካረፈ ግን ውሃ፣ ብዙ ውሃ፣ አሁኑኑ። ልዩነቱ በመጠኑ ነው፤ ቆዳ ላይ ያለው ትንሽ ነው፣ የሚወርደው ውሃ ብዙ ነው፣ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ልብስ አውልቁ፣ በራስ ላይ የሚጎተተውን ቀዳችሁ አውልቁ፣ ቢያንስ 20 ደቂቃ አፍስሱ። ዓይን ከሆነ የበለጠ፣ በተለይ ካውስቲክ ሶዳ ወይም ኖራ ከሆነ፤ እነዚህ ከአሲድ ይልቅ ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። ደረቅ ዱቄት ከሆነ መጀመሪያ አራግፉት፣ ከዚያ ውሃ። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ኧረ በእግዚአብሔር! አትቀቡ። የተዋጠ ካለም አታስመልሱት።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ላልፍ አልፈልግም። ቆሞ መጠበቅን ሁሉ አላወድስም። መንገድ ሳይዘጋ፣ ሰሌዳ ሳይነበብ፣ ሆስፒታል ሳይደወል፣ ፈሳሹ ወደ ቱቦና ወደ ወንዝ እንዳይገባ አፈርና አሸዋ ሳይገደብ የሚቆም ካለ እሱ በእውነት ቆሞ ያያል፣ ኮሜንታችሁም ይገባዋል። በተለይ ወንዙ። ከታች ያለው ሰው ከብቱን የሚያጠጣውና ራሱም የሚጠጣው ያንኑ ውሃ ነው። በካፖርትና በተራ ማስክ «ግባ» የሚባል ሠራተኛ ካለ ደግሞ ጥያቄው ወደ እሱ ሳይሆን ወደላከው ኃላፊ ይሂድ። ልብሱን ሳይገዙ ጀግንነት የሚጠይቁ ሰዎች አያሳምኑኝም።

በመጨረሻ ይህን የምጽፈው ለእሳት አደጋ ሠራተኞቹና ለሚስቶቻቸው ነው። አንዳንድ ኬሚካሎች፣ ለምሳሌ ናይትሪክ አሲድ ብረት ሲነካ የሚወጣው ቡናማ ጋዝ፣ በዕለቱ ትንሽ ሳል ብቻ ያሳዩና ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ፣ ሳንባን ውሃ ይሞላሉ። ከእንዲህ ዓይነት ሥራ የተመለሰ ሰው ሌሊት ላይ ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱ ከጠበበው፣ ሳሉ አረፋ ካመጣ «ድካም ነው» ብሎ አይተኛ፤ የኬሚካሉን ስም ይዞ ይምጣ። የሠራበትን ልብስ ቤት ይዞ አይግባ። ከገባም፣ እህቴ፣ በባዶ እጅሽ አትንኪው፣ ከልጆች ልብስም ጋር አንድ ሳፋ ውስጥ አትዘፍዝፊው። በሁለት ከረጢት ደርበሽ እሰሪውና ወደ መሥሪያ ቤቱ ይመልሰው፤ ማጠብም ማስወገድም የእነሱ ሥራ ነው።